ሞንተሬይ ዳርቻ ላይ የሚወድቀው ቡናማ አረም ለእንቅርት ይሆናል?

የሞንተሬይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ማዕበል ሲያልፍ አሸዋው ገመድ በሚመስል ቡናማ አረም ይሸፈናል። ቅጠሉ ጋ አየር የሞላው እንክብል አለው፤ ልጆቼ እየረገጡ ያፈነዱታል። ይሸታል፣ ዝንብ ይወረዋል። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ኬልፕ ነው፣ ይበላል፣ አዮዲን አለበት» አለችኝ። እናቴ ጎጃም ናት፤ የቆየ እንቅርት አለባት። አድርቄ ፈጭቼ በሰው ልላክላት? ለመሆኑ ባሕር ውስጥስ ሥራው ምንድን ነው?

ጠላቂው፦
ከሁለተኛው ልጀምር፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ያየሽው ጃይንት ኬልፕ ይባላል። ተክል እንዳይመስልሽ፣ ቡናማ አልጌ ነው። ሥር የለውም፤ ድንጋይ ቆንጥጦ ይይዝና ምግቡን በመላ አካሉ ከውኃው ይስባል። እንክብሎቹ ወደ ብርሃን ያንሳፍፉታል። ሲመቸው በቀን እስከ 60 ሳንቲሜትር ያድጋል! ታች ስትጠልቂ ደን ነው፤ ትንንሽ ዓሦች የሚደበቁት እዚያ ነው። ያ የሚሸተው እንኳን ከንቱ አይደለም፤ ዝንቡንና ትሉን የዳርቻው ወፎች ይለቅሙታል።

ጠላቱ ኧርቺን የሚባል ሐምራዊ እሾሃም ፍጥረት ነው። መያዣውን ይበላበትና ኬልፑ ተነቅሎ ይሄዳል። ኧርቺንን ደግሞ ኦተር የሚባለው ጸጉራም የባሕር እንስሳና ትልቁ የባሕር ኮከብ ይበሉታል። ከ2013 ጀምሮ ኮከቦቹን በሽታ ፈጃቸው። ከ2014 እስከ 2016 ውኃው ከልክ በላይ ሞቀ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ያለው ቡል ኬልፕ የሚባለው ሌላ የኬልፕ ዓይነት ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። አባሎኒ የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣም የሚበላው አጥቶ አለቀ፤ ማጥመዱ በ2018 ተዘጋ። እዚያ ጠልቄያለሁ፤ ራቁቱን የቀረ ድንጋይና ኧርቺን ብቻ ነው።

«ሞንተሬይን ኦተር አዳናት» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ግማሽ እውነት ነው። ኦተር የሚበላው ሥጋ ያለውን ኧርቺን ነው፤ ኬልፕ በጠፋበት ቦታ በረሃብ ባዶ የቀረውን ንቆ ያልፈዋል። የቀረውን ደን ይጠብቃል፣ የጠፋውን ግን አይመልስም።

ነርሷ፦
እህቴ፣ እባክሽ አትላኪ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። ጃፓኖች ሾርባ የሚሠሩበት ኮምቡ፣ እሱም የኬልፕ ዘመድ ነው፣ አንድ ግራም ደረቁ ብቻ ከ1,000 በላይ ሊይዝ ይችላል። የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው ድንገት ይህን ያህል ሲያገኝ ታይሮይድ የሚባለው የአንገቱ እጢ ከልክ በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ልብን ያስቸግራል። አዮዲን ያለው ጨው ይበቃል። እንቅርቱን ሐኪም ይየው።

የጥርስ ሐኪሙ፦
ከአዲስ አበባ። ለሰው ሠራሽ ጥርስ የአፍ ልክ ስንወስድ በውኃ የምንበጠብጠው ዱቄት አልጂኔት ነው፤ የሚወጣውም ከዚሁ ከቡናማ አልጌ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። አይስክሬም ውስጥም ይገባል፣ ቁስል መሸፈኛም ይሠራበታል። እናትየውን ግን ነርሷ እንዳለችው።

የሞንተሬይዋ፦
ኑሩልኝ። ዱቄቱ ቀርቷል፤ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ወስዶ ያስመረምራታል። ለጓሮ ጎመኔ ማዳበሪያ ባደርገውስ?

ጠላቂው፦
ይሆናል፣ ጨዉን በደንብ እጠቢው እንጂ። ለራስሽ በቀን እስከ 10 ፓውንድ እርጥቡን መውሰድ ይፈቀዳል። ሞንተሬይ አካባቢ ግን ጥብቅ ክልል ይበዛል፤ የምትለቅሚበትን ቦታ መጀመሪያ አጣሪ።