የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ ቴሌቪዥን ተስፋ ያሳየን ወይስ መውጫውን?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የምንልከውን ሐሳብ እዚሁ ተወያይተን እንድንጨርስ ተስማምተናል። የመጀመሪያ ረቂቄ ይኸውና። እንዳሻችሁ ቆራርጡት፣ አልቀየምም።

«እኛ የጅማ ነዋሪዎች ጣቢያዎች ስለ ጠፋ ዓለምና ስለ ጨለመ ነገ የሚተርኩ ድራማዎችንና ፊልሞችን ቀንሰው ተስፋ የሚሰጡ ታሪኮችን እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።»

ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አደራ። ረጅም ደብዳቤ ማንም አያነብም።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን «እኛ አልወደድነውም» ብቻ ካልን ማን ይሰማናል? ምክንያት እንጨምርበት። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ገርብነር የሚባል የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን ምን እንደሚያሳይና ተመልካቹ ምን እንደሚያስብ አጥንቷል። ቴሌቪዥን የሚያበዙ ሰዎች ዓለም ከሆነችው በላይ አደገኛ ትመስላቸዋለች፣ ሰውንም አያምኑም ነው የሚለው። እርግጥ ተቃዋሚ አላጣም። ድሮውንም ፈሪ የሆነ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያበዛ እንደሆነስ ብለው የሞገቱት አሉ። ቢሆንም መነሻ ይሆነናል።

የሚዲያ ተማሪው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ «ቀንሱ» የሚለው ቃል አልተዋጠልኝም። ጨለማ ታሪክ ሁሉ ተስፋ አይገድልም። አንድ ምሳሌ ላምጣ።

በኅዳር 1983 (እ.ኤ.አ.) ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ «ዘ ዴይ አፍተር» የሚል የቴሌቪዥን ፊልም አሳየ። ካንሳስ ውስጥ ኑክሌር ቢፈነዳ ተራው ሰው ምን ይሆናል የሚል ነው። የሚያጽናና ነገር የለውም፣ ሰው እያየነው ይሞታል። በዚያች ምሽት ወደ 100 ሚሊዮን ሰው አየው። ፕሬዚዳንት ሬገን ቀድመው አይተውት ስለነበር በጣም እንደከበዳቸው በማስታወሻ ደብተራቸው ጽፈዋል። ከዓመታት በኋላ፣ በ1987 (እ.ኤ.አ.)፣ ከሶቪየት ኅብረቱ መሪ ከጎርባቾቭ ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን የሚያስወግደውን ስምምነት ፈረሙ። ፊልሙ ብቻውን ነው ያመጣው አልልም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ያጋንናል። ግን «ጨለማውን ቀንሱ» ብለን ብንጽፍ እንዲህ ያለውንም አታሳዩን ማለታችን አይደለም?

ጡረተኛው መምህር፦ ጥሩ አመጣህ ልጄ። ግን ሰው አይቶ ደንግጦ ተኛ እንጂ ምን አደረገ?

የሚዲያ ተማሪው፦ እሱ ነው ዋናው ነገር ጋሼ። ፊልሙ እንዳለቀ ጣቢያው ወዲያው የቀጥታ ውይይት አስከተለ። የጠፈር ሳይንቲስቱን ካርል ሴጋንንና የቀድሞውን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ኪሲንጀርን የመሳሰሉ ሰዎች ተቀምጠው ተከራከሩ። አስፈራርተው አልተዉትም ማለት ነው። የኛ ጣቢያዎች ግን አስፈሪውን ያሳዩና ቀጥታ ወደ ሳሙና ማስታወቂያ ይገባሉ።

እንጨት ሠሪው፦ 😂 ሳሙናውስ ተስፋ አይደል?

ቡና ነጋዴዋ፦ እኔ ደግሞ ስጋቴ ሌላ ነው። ተስፋ ስጡን ብለን ስንጽፍ የሚልኩልን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሪባን ሲቆረጥ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ አንድ ገበሬ ማይክ ተደቅኖበት «በጣም ተጠቃሚ ሆነናል» ሲል። ያንን አይቶ ተስፋ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። ሪሞቱን ነው የሚያነሳው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ቶሎ ወደ ቱርኩ ድራማ ነው የምሄደው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር በአማርኛ የተናገሩት ቱርኮች ቤታችን ገብተው ቀሩ። ሰው እየተታለለም፣ እየተካደም ነገ ምን ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ተስፋ የተባለው ፕሮግራም ግን ገና ሲጀምር መጨረሻው ይታወቃል።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ ይሄ መግባት አለበት። እንዴት ብዬ ልጻፈው ግን? «ሪባን አታሳዩን» ይባላል?

ነርሷ፦ እኔ ላግዝ። ይሄ ነገር እኛው አገር ተሞክሯል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሬዲዮ የተላለፉትን ተከታታይ ድራማዎች የሚያስታውስ አለ? በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በኦሮምኛ «ዲምቢባ»። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴቶች ኑሮ ነበሩ። ያኔ ኤችአይቪ ሲባል የሚሰማው በአብዛኛው ማስፈራሪያ ነበር፤ የራስ ቅል የተሳለበት ፖስተር ሁሉ ነበረ። ድራማዎቹ ግን በሌላ መንገድ ሄዱ።

መንገዱ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ፕሮዲዩሰር በ1975 (እ.ኤ.አ.) ማንበብና መጻፍ ስለሚማሩ አዋቂዎች ተከታታይ ድራማ ሠራ። በድራማው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ጥሩ፣ አንዱ መጥፎ፣ ሦስተኛው ሁለቱ መሀል የሚዋልል። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ነው። ይሳሳታል፣ ይወድቃል፣ ያፍራል፣ ከብዙ ክፍል በኋላ ቀስ ብሎ ይለወጣል። በአንድ ክፍል ገጸ ባሕርያቱ የመማሪያ መጽሐፍ በነፃ ወደሚታደልበት እውነተኛ ቦታ ሄዱ። በማግስቱ ሕዝቡ ወደዚያው ጎርፎ መንገዱ ተዘጋ። የትምህርት ተመዝጋቢውም በብዙ እጥፍ ጨመረ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሳቢዶ ችግሩን አልደበቀም። አድራሻውን ነው የጨመረበት። ሰው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ «እሺ፣ እኔ ነገ ጠዋት የት ልሂድ?» ሲል መልስ ያገኛል።

ጡረተኛው መምህር፦ በቃ፣ የደብዳቤው ልብ ይሄ ነው። ተስፋ የሚባለው ደስ የሚል ስሜት ሳይሆን የሚታይ መንገድ ነው ብለን እንጻፍ።

እንጨት ሠሪው፦ ሁሉም መልካም። ግን የሜክሲኮ ታሪክ ይዘን ብንሄድ «እናንተስ ምን አላችሁ?» ይሉናል። ከጅማ ምን አለን? የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንዳትሉኝ፣ እሱን በየበዓሉ ያሳዩታል።

ቡና ነጋዴዋ፦ አለን እንጂ! የቡናው በሽታ ታሪክ። አባቴ እስኪሞት ሲያወራው ኖሯል።

ሲቢዲ የሚሉት፣ በፈንገስ የሚመጣ የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ነው። አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ፍሬው ይረግፋል። መድኃኒት መርጨት ውድ ነው፤ የጫካ ቡና ያለው ሰው የቱን ረጭቶ የቱን ይተዋል? ያኔ የመልኮዎቹ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች፣ በሽታው ክፉኛ በመታቸው ቦታዎች ዞሩ። የሚፈልጉት ጎረቤቷ ሁሉ ጠቁሮ እሷ ጤነኛ ሆና የቆመችን አንዲት የቡና ዛፍ ነው። ከእሷ ፍሬ ይወስዳሉ፣ ያበቅላሉ፣ በሽታውን ሆን ብለው ይሰጧታል፣ የቻለችውን ያስቀራሉ። ዛሬ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ 74110 እና 74112 የሚሏችሁ የቡና ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው። ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የመጡ ናቸው። 74 ብለው የሚጀምሩት በ1974 (እ.ኤ.አ.) ስለተመረጡ ነው። አስቡት፣ በሽታው ከታየ ገና ሦስት ዓመቱ!

አሁን ይሄ ድራማ አይወጣውም? የጠቆረ ማሳ አለ። የተጣላ ቤተሰብ አለ፣ «ቡናውን ነቅለን ጫት እንትከል» የሚል ልጅ ይኖራል። ጫካ ለጫካ የሚዞር ባለሙያ አለ፣ የማያምነው ገበሬም አለ።

የሚዲያ ተማሪው፦ እትዬ፣ ክፍል አንድን ጨረሱት እኮ! አንድ ነገር ብቻ፤ ሁሉም ሰው እንዳይድን። ማሳውን አጥቶ የቀረም ይኑር። አለዚያ ያው ሪባን ነው።

ነርሷ፦ እስማማለሁ። እና ያ ጫት የሚለው ልጅ መሀል ላይ የሚዋልለው ሰው ይሁን። ክፉ አታድርጉት፤ ሒሳቡ ልክ ነው እኮ፣ ጫት ቶሎ ብር ይሆናል።

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ፦

«ጣቢያዎች ጨለማ ታሪክ ማሳየት ያቁሙ አንልም። አስፈሪ ታሪክ ሲያሳዩ ግን ተመልካቹን እዚያው ጥለውት እንዳይሄዱ፣ ከፊልሙ በኋላ የውይይት ጊዜ እንዲሰጡ እንጠይቃለን። ከዚህ ጎን ሰዎች ከእውነተኛ ችግር በምን መንገድ እንደወጡ፣ የተሸነፉትንም ሳይደብቅ፣ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ በኦሮምኛና በአማርኛ እንዲሠራ እንጠይቃለን። ለተመልካቹ የት ሄዶ ምን ማድረግ እንደሚችል ይነገረው። የምረቃና የጉብኝት ዜና ለእንዲህ ያለ ታሪክ በሚሰጠው ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ለመነሻ የሚሆን ታሪክ ከጅማ አዘጋጅተን እናቀርባለን፤ ርእሰ ጉዳዩ የቡና ፍሬ በሽታና መቋቋም የቻሉት ዝርያዎች ነው።»

ጡረተኛው መምህር፦ «አንልም» እና «እንጠይቃለን» ጥሩ ናቸው። የገርብነርን አንድ መስመር ጨምርልኝ፣ ተቃውሞ እንዳለበትም ጻፍ። አለዚያ አንዱ ምሁር ተነስቶ ያፈርሰናል።

እንጨት ሠሪው፦ ብሩስ? የቴሌቪዥን ድራማ በእንጨት አይሠራም።

ነርሷ፦ መጀመሪያ በሬዲዮ እንሞክረው። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ሬዲዮ እዚሁ አለ። ለድምፅ ካሜራም መብራትም አያስፈልግም። ሰው ከወደደው ቅጂውን ይዘን ወደ ቴሌቪዥኖቹ እንሄዳለን። በባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል።

ቡና ነጋዴዋ፦ እኔ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ሁለት ሽማግሌዎች አመጣለሁ። ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፣ የሚቀዳ ሰው አዘጋጁ።

የሚዲያ ተማሪው፦ እኔ እቀዳለሁ። መልኮም ደብዳቤ ይጻፍልኝና ሄጄ ባለሙያዎቹን ላናግር፤ ፈንገሱን ተሳስተን ብናወራ ያስቁብናል።

ጸሐፊ፦ የመልኮው ደብዳቤ ነገ ይደርስሃል። ሌላ ማስተካከያ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ፣ ዓርብ ይታተማል። የኦሮምኛው ቅጂ በማን እጅ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ በእኔ። ግን በትልልቅ ፊደል አትምልኝ፣ መነጽሬ ተሰብሯል።