አባዱላዬ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፣ የአየር ሴንሰር ነው አሉኝ፣ ልግዛ?

የአዳማው፦
ሰላም ወገን። 2ኬዲ ሞተር፣ 2.5 ዲ4ዲ አባዱላ ነው ያለኝ። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ሜዳ ላይ ምንም አይልም፣ ሰው ሞልቼ ከአዳማ ወጥቼ ዳገቱን ስይዝ ግን ነዳጅ እረግጣለሁ እሱ አይሰማኝም፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ነው የምወጣው፣ አንዳንዴ ደግሞ ጉድጓድ ላይ ነጠር ሲል ራሱ ይለቀዋል። ቼክ ኢንጅን በርቷል። ጋራዥ ወስጄው ስካን ሲደረግ ፒ0102 የሚል ኮድ አለ፣ ልጁ ኮፈን እንኳን ሳይነካ የአየር ሴንሰሩ (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካው) ሞቷል ቀይረው አለኝ። ኦሪጅናሉን ሳጠያይቅ በሬ የሚገዛ ብር ጠሩልኝ። ሳልገዛ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

ዲዝል ብቻ፦
ብሮ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ ትንሽ ንዳው። ሲነቀል ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን መስማት ትቶ በራሱ ግምት ነው የሚሰራው፣ ጉልበት ከጨመረ ሴንሰሩ ወይ ገመዱ ውሸት ሲያወራ ነበር ማለት ነው። ካልተለወጠ ግን ነፃ ነው ብለህ እንዳትደመድም።

ጫኝ፦
ምን ታካብዳላችሁ፣ አውጥቶ በቤንዚንና በጥጥ ጠረግ ጠረግ ነው፣ የኔ በዛ ነው የዳነው 😂

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ጫኝ ወንድሜ እድልህ ነው። ውስጡ ያለችው ነገር በጣም ቀጭን ናት፣ በኤሌክትሪክ ትግላለች፣ አየር ሲያልፍባት ትቀዘቅዛለች፣ ሙቀቷን ለመያዝ በምትፈጀው ከረንት ነው አየሩ የሚለካው። ጥጥ ከነካት አለቀላት፣ ኮምፕሬሰርም አይነፋባትም። የሴንሰር ማጽጃ ስፕሬይ ራቅ አድርገህ ነፍተህ ሩብ ሰዓት አድርቀህ ትገጥማለህ በቃ።

የአዳማው፣ ያንተ ግን ቆሻሻ አይመስለኝም። ፒ0102 ማለት ሲግናሉ ከልክ በታች ወርዷል ነው፣ በነዚህ መኪኖች ከ0.2 ቮልት በታች ማለት ነው። ቆሻሻ ሴንሰር ቁጥር ያሳንሳል እንጂ እዛ ድረስ አያወርድም፣ ብዙ ጊዜ ኮድም አያወጣም። የተቆረጠ ገመድ፣ የላላ ሶኬት ወይ የሞተ ሴንሰር ነው እዛ የሚያደርሰው፣ ጉድጓድ ላይ ይለቀዋል ስትል ደግሞ እኔ ገመድ ነው የምልህ። ቁልፍ ከፍተህ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልትና ግራውንድ መኖሩን በቴስተር እይ፣ ከዛ ሰክተህ ሞተር አስነሳና ገመዱን እየነቀነቅክ ስካነሩ ላይ ግራም በሰከንድ የሚለውን የአየር መጠን ተከታተል።

ዲዝል ብቻ፦
ቁጥሩን ስታይ ከፍታውን አትርሳ። 2.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በሰከንድ 15 ሊትር ምናምን አየር ይስባል፣ ኢጂአር (ጭሱን መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቫልቭ) ተዘግቶ ጅቡቲ ወደብ ላይ 15 ግራም ገደማ ይሆናል፣ አዲስ አበባ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ 12 ብታይ አትደንግጥ። ኢጂአር ሲከፈት ደግሞ የአየሩን ቦታ ጭስ ስለሚይዘው በጣም ይወርዳል። ካርቦን ይዞት ተከፍቶ የቀረ ኢጂአር ስንቱን ደህና ሴንሰር እንዳስቀየረ እኔ ነኝ የማውቀው።

የአዳማው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ወንበሩን አንስተን አየነው። 12 ቮልቱ አለ፣ ቁጥሩም 8፣ 9 እያለ ይሄዳል፣ ገመዱን ነቅነቅ ሳደርገው ድርግም ብሎ ዜሮ! ከሶኬቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ከወንበሩ ብረት ስር ተቆልፎበት ነው የከረመው፣ ላስቲኩ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ሲላጥ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ ሁለት ክር ብቻ ናት የያዘችው። ቆርጠን በአዲስ ገመድ በስታኞ አያይዘን በሌላ መንገድ አሳለፍነው። ኮዱን አጥፍቼ ሰው ሞልቼ ወጣሁ፣ ዳገቱን በሶስተኛ!

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ተመስገን። የአየር ፊልትሮውንስ አየኸው? አውጥተህ ከውስጥ የስልክ መብራት አብራበት።

የአዳማው፦
አየሁት ባክህ፣ ወንፊት ነው። በየሳምንቱ በኮምፕሬሰር ሳስነፋው ለካ እየቀደድኩት ነበር። ነገ እቀይረዋለሁ፣ ሴንሰሩንም በዛው በስፕሬይ አጥባለሁ።

ጫኝ፦
ስፕሬዩን ስታገኝ የት እንደሆነ ንገረኝ 🙏