ልጃችን ሪሊቨር (የቤዝቦል ተቀያሪ ወርዋሪ) ሆነ፤ ከቡልፔን (ተቀያሪዎች ከሚያሟሙቁበት ቦታ) እንጀራ ይወጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጃችን 17 ዓመቱ ነው፤ የሃይስኩሉ አሰልጣኝ ጨዋታ ማስጀመሩን አስትቶ የመጨረሻ ኢኒንጎች (የጨዋታው ዙሮች) ላይ ብቻ ያስወረውረዋል። ይህ ወደ ፕሮፌሽናል የሚወስደውን መንገድ ይዘጋበታል? ቤዝቦል የምታውቁ ብትመልሱልን።

መልስ፦ አይዘጋም፤ ግን በዚህ ዕድሜ ሪሊቨር ፍለጋ የሚመጣ ስካውት (የክለብ ተጫዋች መልማይ) ብዙ አይደለም። ሜጀር ሊግ ያሉት ሪሊቨሮች አብዛኞቹ ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ) የነበሩ ናቸው። ማሪያኖ ሪቬራ እንኳ በ1995 እ.ኤ.አ. ለያንኪስ ሲሰለፍ ስታርተር ነበር፤ በ2013 ሲያቆም 652 ሴቭ (የሚመራውን ቡድን ድል ጠብቆ የዘጋው ጨዋታ) ይዞ ወጣ። 601 ሴቭ ያለው ትሬቨር ሆፍማን ደግሞ ሲቀጠር ጭራሽ ወርዋሪ አልነበረም፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ነበር። ስታርተርን ያው መቺ በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚያየው ሦስት አራት ዓይነት ኳስ ያስፈልገዋል። ሪሊቨርን የሚያየው አንዴ ስለሆነ ሁለት ጥሩ ኳስ ይበቃዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ፋስትቦልና ስላይደር (ፈጣንና ተጠማዛዥ ኳስ) በቃኝ ብሎ ቼንጅአፕ (ዘግይቶ መቺውን የሚያታልል ኳስ) መለማመዱን ከተወ በኋላ ስታርተር ልሁን ቢል ይቸገራል።

መልስ፦ ስለ ገንዘቡ ልጨምር። የ2025 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር፤ የሚታሰበው ግን ሜጀር ሊግ በቆየበት ቀን ልክ ነው። ከቡድኑ 26 ተጫዋቾች ወርዋሪ ከ13 አይበልጥም። ኦፕሽን ያለው (ክለቡ እንደፈለገ ወደ ታችኛው ሊግ ሊያወርደው የሚችል) ሪሊቨር ሁለት ቀን በተከታታይ ሲወረውር ክንዱ ደክሟል ተብሎ፣ ጥሩ ቢጫወትም፣ ትኩስ ክንድ እንዲመጣ ወደ ትሪፕል ኤ (ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ሊግ) ሊወርድ ይችላል። የተጎዳ ሰው ካልተካ በስተቀር 15 ቀን እዚያው ይቆያል። በአንድ ሲዝን እስከ 5 ጊዜ እንዲህ ሊመላለስ ይችላል፤ ኦፕሽኑ ደግሞ ሦስት ሲዝን ነው። የሜጀር ሊግ የአገልግሎት ዓመት የሚሞላው በ172 ቀን፣ ፍሪ ኤጀንት (ከፈለገው ክለብ ጋር መዋዋል የሚችል) የሚኮነው በ6 ዓመት ስለሆነ መመላለሱ ዓመት ይበላል። ደስ የሚለው፣ የጡረታ መብት በ43 ቀን ይገኛል።

መልስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ክንዱ ነው። የወጣት ወርዋሪዎችን ክንድ ለመጠበቅ በወጣው የፒች ስማርት መመሪያ ለ17 ዓመት ልጅ እስከ 30 ኳስ ዕረፍት አያስፈልግም፤ 31–45 አንድ ቀን፣ 46–60 ሁለት፣ 61–80 ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት ቀን። ሦስት ቀን በተከታታይ መወርወር ይቅርበት። ሪሊቨርን የሚጎዳው ያልተቆጠረው ነው፦ ቡልፔን ውስጥ ሁለት ጊዜ አሟሙቆ ሳይገባ ቢቀር ወረቀቱ ላይ ዜሮ ነው፣ ክንዱ ግን ሠርቷል። አሰልጣኙን ለማሟሟቅ ስንት ጊዜ እንዳስነሣው ይጠይቁት። በዚያው ጨዋታ ካቸር (የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል) ሆኖም አይጫወት። ክርኑ በውስጥ በኩል ካመመው በረዶ አድርጎ አይቀጥል፣ ሐኪም ይየው። ጅማቱ ተቀዶ ቶሚ ጆን የተባለውን ቀዶ ጥገና ካደረገ እስኪመለስ 12–18 ወር ይፈጃል።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልን። ዜግነት ገና አላገኘም፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ለድራፍቱ (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ለሚመርጡበት) ዜግነት አይጠየቅም፤ አሜሪካ ሃይስኩል የተማረ የሚገባው በዚያው በር ነው። ድራፍቱ 20 ዙር አለው። ካልተመረጠ ኮሌጁን አስበው ይምረጡ፦ የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 እስኪሞላው መጠበቅ አለበት፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሆነ ግን በየዓመቱ ሊመረጥ ይችላል። ክፍያውም በስቴቱ ነዋሪ ዋጋ ከሆነ ቀለል ይላል።