የእንስሳት ድንገተኛ ህክምና በወታደርነት በኩል፣ መንገዱን የሚያውቅ አለ?

የታቦሯ
ሰላም ናችሁ፣ እዚህ ሀዋሳ የቬተርነሪ ተመራቂ ነኝ። ለልምምድ በወጣንበት አንድ የጋሪ ፈረስ በቁርጠት መሬት ላይ እየተንከባለለ ደረስንበት፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ድዱ ገርጥቷል፣ ዶክተሩ በአፍንጫው ቱቦ ከቶ ሆዱን ሲያስተነፍስለት ሪንገር (በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ) ሲተክልለት ከሰዓት በኋላ በእግሩ ቆመ። ከዛ ወዲህ ከኢመርጀንሲ ሌላ ምንም አያምረኝም። አሜሪካ ጦር ውስጥ የእንስሳት ሀኪም ሆነው በኢመርጀንሲና ክሪቲካል ኬር (በጽኑ ህሙማን ህክምና) ስፔሻላይዝ ያደረጉ አሉ አሉ፣ እንዴት ነው እዛ የሚደርሱት? ለኛስ ይሆናል?

ዶክተር ሸገር
አሉ እህቴ። የጦሩ የቬተርነሪ ክፍል በ1916 በፈረንጆቹ ሲቋቋም ዋና ስራው ፈረስና በቅሎ ነበር፣ ዛሬ ወታደር ውሾቹና የምግብ ቁጥጥሩ ናቸው። ተመርቀው በሻምበልነት ይገባሉ፣ የተወሰነ ካገለገሉ በኋላ ተወዳድረው ያለፉትን ጦሩ ራሱ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ስልጠና) ያስተምራቸዋል፣ እሱ 3 ዓመት ነው፣ ከዛ የስፔሻሊስትነት የቦርድ ፈተና። ትልቁ የውሾች ሆስፒታል ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ላክላንድ ውስጥ ነው። ግን በመደበኛ ጦር መኮንን ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል፣ ሲቪል ሆነሽም ለመስራት ከኛ አገር የተመረቀ ሰው መጀመሪያ የውጭ ምሩቃን የብቃት ማረጋገጫውንና የላይሰንስ ፈተናውን ማለፍ አለበት። ረጅም ነው ግን ሰው አልፎታል።

አዳማ ክሊኒክ
የዶክተር ልክ ነው፣ እኔ ግን ቪዛው እስኪመጣ አትጠብቂ ነው የምለው። እነሱ እዛ የሚታገሉት በሽታ አዳማም አለ እኮ! በሙቀት የተመታ ውሻ ሲያለከልክ ምላሱ ቀልቶ ሲመጣልሽ ሙቀቱ ከ41 በላይ ነው፣ ወታደሮቹ የሚሉት መጀመሪያ አቀዝቅዝ ከዛ አጓጉዝ ነው፣ እዛው ባለበት ውሃ አፍስሺበት አናፍሺበት፣ 39.5 አካባቢ ሲደርስ ደግሞ አቁሚ አለዛ ከልክ በላይ ይወርድብሻል። ሌላው ትልልቅ ውሾች ላይ ጨጓራ ተነፍቶ ሲጠመዘዝ ነው፣ ሊያስመልሰው ይታገላል ምንም አይወጣም ለሀጩ ብቻ ይዝረበረባል፣ ይሄን ካየሽ ነገ አይባልም፣ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ጦሩ ጀርመን ሸፐርዱንና ማሊኗ የሚባለውን የቤልጅየም ውሻ ገና ጤነኛ እያለ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳው ጋር ይሰፋለታል፣ እንዳይጠመዘዝ።

የታቦሯ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተሮች! ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) በሌለበት ግን ክሪቲካል ኬር ማለት ይቻላል?

አዳማ ክሊኒክ
ይቻላል እንጂ። ማሽኑ ቢኖር ጥሩ ነበር፣ በጣም ያስፈልገናል፣ ግን ብዙውን እንስሳ የምናጣው ሳይታይ ስለሚያድር ነው። የድዱን ቀለም፣ ተጭነሽ ስትለቂው በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ (ከ2 ካለፈ ደም ዝውውሩ ደክሟል)፣ የልብ ምቱን፣ ሽንቱን በየሰዓቱ መዝግቢ። ሌሊትም ጭምር። ክረምት ላይ አዳማ ከመጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የማታ ተረኛ ሰው እንፈልጋለን።