ለቤታ ዓሣ 2 ሊትር ብርጭቆ ይበቃል?

ጀማሪ፦ አንድ ወንድ ቤታ ልገዛ ነው፤ አዲስ አበባ ነኝ። ሻጩ 2 ሊትር የሚይዝ ክብ ብርጭቆ ይበቃዋል፣ ማሞቂያም አይፈልግም ይላል። የቧንቧ ውሃ ቀድቶ ወዲያው መጨመርስ ይቻላል?

ንጹህ ውሃ፦ አይበቃም። ቢያንስ 15 ሊትር፣ 20 ቢሆን ይመረጣል። በትንሽ ውሃ ውስጥ ከኩሱና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ቶሎ ተከማችቶ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ማጣሪያውን አስነስተህ በየቀኑ ቁንጣሪ ምግብ ጣል። አሞኒያም ናይትራይትም (ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ሲበሉ የሚወጣው ሌላ መርዝ) በመመርመሪያ 0 ሲያሳዩ ዝግጁ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ማስወገጃ ጠብታ ሳታደርግ አትጨምር። ስፖንጁንም ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እንጂ በቧንቧ አትጠበው፤ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ።

ሙቀት ለኪ፦ ስለ ማሞቂያው ሻጩን አትስማው። ቤታ የታይላንድ አካባቢ ዓሣ ነው፣ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ታውቀዋለህ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ይፈዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ በሽታ ይይዘዋል። ለ20 ሊትር ቴርሞስታት (ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር) ያለው 50 ዋት ማሞቂያ ግዛ። ውሃ ስትቀይር መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው፣ አለበለዚያ የማሞቂያው መስታወት ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልል፤ ከላይ አየር መግቢያ ተው።

ጀማሪ፦ ምግቡስ?

ንጹህ ውሃ፦ ጠዋትና ማታ 2 ወይም 3 ፍሬ የቤታ ምግብ። ከበዛ ሆዱ ይነፋል። ክዳን አትርሳ፣ ይዘላል። ሁለተኛ ወንድ ግን በፍጹም፤ ይገዳደላሉ።