ጃቫስክሪፕት ለመማር፣ ኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከየቱ ይጀመራል?

ሰላም ዘኮዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ እችላለሁ፤ ቀጥሎ ጃቫስክሪፕት ነው። ያለሁት ኮዬ ፈጬ ነው፣ ኔቱ ደህና የሚሆነው ሌሊት ነው። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ያለው ዊንዶውስ ነው። የዩቲዩቡ ብዛት ግራ ያጋባል፣ ዳታም ይጨርሳል። ከየቱ ልጀምር? ሪአክት የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪስ አብሬ ልያዝ?

ጣፎ ኮደር፦
እህቴ፣ ቪዲዮውን ለጊዜው ተዪውና በጽሑፍ የሚያስተምር አንድ ድረ ገጽ ብቻ ያዢ። እኔ የምመርጥልሽ ጃቫስክሪፕት ዶት ኢንፎን ነው። በነፃ ይነበባል፣ ከትምህርቶቹ በኋላ መልመጃ ከነመልሱ አለው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ቋንቋው ነው፣ ሁለተኛው ስለ ብራውዘሩ፤ የመጀመሪያውን ሳትጨርሺ አትለፊ።

ለማጣቀሻ የሞዚላን የድር ሰነድ፣ ኤምዲኤንን የሚያህል የለም። ያለ ኔት ለማንበብ ሌሊት ዴቭዶክስ የሚባለውን የሰነድ ድረ ገጽ ክፈቺና ኦፍላይን ከሚለው ገጽ ጃቫስክሪፕትና ዌብ ኤፒአይ የሚሉትን ጫኚ። ቀን ኔት ባይኖርም እዚያው ብራውዘር ላይ ይከፈታል። በኢንኮግኒቶ ግን አትጫኚ፤ መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል። የብራውዘሩን ዳታ ስታጸጂም እንደዚያው ነው።

ሌላው፣ የትምህርቱን ዕድሜ እዪ። ሌትና ኮንስት (ተለዋዋጭ መሰየሚያዎች)፣ ፕሮሚስ (ቆይቶ የሚመጣ ውጤት መያዣ) እና ሞጁል (ኮድን በፋይል ከፋፍሎ መጠቀሚያ) ወደ ቋንቋው የገቡት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፣ ፕሮሚስን መጠበቂያዎቹ አሲንክና አዌይት በ2017። ሁሉን ነገር በቫር፣ በድሮው ተለዋዋጭ መሰየሚያ፣ የሚያስተምር ካገኘሽ ዝለዪው፤ ዛሬ በሥራ ላይ የማታገኚውን አጻጻፍ ያስለምድሻል።

ፉሪ ሰፈር፦
ጣፎ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ንባቡ ብቻውን አይበቃም። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጫኚ፣ ኮንሶሉ (ኮድ መሞከሪያው) ላይ እያንዳንዱን ምሳሌ ራስሽ ጻፊ፣ ከዚያ ሆን ብለሽ አበላሺውና ቀዩን የስህተት ጽሑፍ አንብቢ።

ለመጀመሪያ ሥራ የሱቅ ሂሳብ ማስያ ጥሩ ነው። ሁለት የዋጋ ሳጥን አድርገሽ 50 እና 20 ስትደምሪ 5020 ይወጣል። ከሳጥን የሚመጣው ሁልጊዜ ጽሑፍ ስለሆነ የመደመር ምልክቱ ያያይዘዋል እንጂ አይደምረውም። ክፋቱ ስትቀንሺ 30 ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ቅነሳ ጽሑፉን ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋልና ስህተቱ ይደበቃል። ስለዚህ ከሳጥኑ እንዳነሳሽው ነምበር በሚለው ትዕዛዝ ወደ ቁጥር ቀይሪው። ብሩንም በሳንቲም አድርገሽ በሙሉ ቁጥር ያዢ፣ ምክንያቱም 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ነው የሚሰጥሽ።

ሞጁል ስትደርሺ ደግሞ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርገሽ ብትከፍቺ ብራውዘሩ ያግደዋል። ሰርቨር ይፈልጋል። ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኮድ መጻፊያ ላይ ላይቭ ሰርቨር የሚለውን ተጨማሪ አንዴ ጫኚ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኔት ይሠራል።

ሰላም ዘኮዬ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሪአክትና ታይፕስክሪፕትስ መቼ?

ጣፎ ኮደር፦
ማፕና ፊልተርን (የዝርዝር መቀየሪያና ማጣሪያ) ሳታዪ መጻፍ፣ በፌች ዳታ ከሰርቨር አምጥተሽ ገጹ ላይ ማሳየት ስትችይ። ፌች ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ቢመልስ እንኳ ካች (ስህተት መያዣው) ውስጥ አይገባም፤ ኦኬ የሚለውን ራስሽ መፈተሽ አለብሽ። ታይፕስክሪፕት ከዚያ በኋላ ይቀልሻል፤ ያው ጃቫስክሪፕት ላይ የዓይነት ቁጥጥር መጨመር ነው።

ሪአክት ስትጀምሪ ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ ማስኬጃ) ኤልቲኤስ የሚለውን እትም አውርጂ፣ ፕሮጀክቱን ቪት በሚባለው መሣሪያ ፍጠሪና የኤንፒኤም (የጥቅል መጫኛው) ጭነቱን ሌሊት ጨርሺ። ኖድ ሞጁልስ የሚለው ፎልደር እስካለ ድረስ ቀን ያለ ኔት መሥራት ትችያለሽ። ኤንፒኤም ሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ ግን ኔት በሌለበት አትንኪው፤ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ፎልደር ማጥፋት ነው።