በእጅ የሚዳሰስ የግድግዳ ሥዕል፦ ምን ላይ ልሥራው? ስሜንስ ልጻፍ?

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)
ሥዕል የለመድኩት በራሴ ነው። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነኝ፤ ይህን የሚያውቁት የቅርብ ጓደኞቼ ብቻ ናቸው። ዓይነ ስውራን በእጃቸው የሚያዩት፣ በዊልቸር የሚሄድም የሚደርስበት ሥዕል መንገድ ዳር መሥራት እፈልጋለሁ። የተገፋ ሰው ሁሉ «እዚህ ቦታ አለኝ» እንዲል። ያሰብኩት ግድግዳ ጭቃ ነው። በስሚንቶ ከፍ አድርጌ የምሠራው ምስል ይይዝልኛል? ስሜንስ ልጻፍበት?

መልስ (ቡሬ፣ ግንበኛ)
ወንድሜ፣ በፍቅሩ ጉዳይ አንስማማም። ሥራው ግን ደስ ብሎኛል። ጭቃ ላይ ስሚንቶ አትለጥፍ። ጭቃው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስሚንቶው ተላቆ ይወድቃል። የብሎኬት ግድግዳ ፈልግ። ልስኑን አሻክረህ አርጥበው። አንድ እጅ ስሚንቶ፣ ሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ። ሳምንት ያህል ውኃ አጠጣው። ቀለም የምትቀባው ስሚንቶው ሲደርቅ ነው።

መልስ (ባሕር ዳር)
ስምህን አትጻፍ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያሳስራል። እኔን ከሕጉ ይልቅ የሰፈር ወሬ ያስፈራኛል። ከሥራው ጋር ፎቶ አትነሣ። ማታ ተደብቀህም አትሥራ፤ የግድግዳውን ባለቤት አስፈቅደህ በቀን ሥራ።

መልስ (ሞጣ)
ኪት ሄሪንግ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነቱን ያልደበቀ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች፣ ባዶ የማስታወቂያ ቦታ ላይ በተለጠፈ ጥቁር ወረቀት በጠመኔ ይሥል ነበር። ጋለሪ ገብቶ የማያውቅ ሰው አየለት። አንተም በርታ!

መልስ (ባሕር ዳር)
እሱም ለዚያ ሥራ ደጋግሞ ታስሯል። ኒው ዮርክ ሌላ፣ ማርቆስ ሌላ። ልጁ በሕይወት ይኑርልን።

መልስ (ደጀን፣ ዓይነ ስውር መምህርት)
ልጄ፣ ስለ ሥዕሉ እኔ ልንገርህ። ዓይን ሁሉንም በአንዴ ያያል፤ ጣት ግን ጥቂት በጥቂት ነው የሚለቅመው። ስለዚህ አታጨናንቀው። በምስልና በምስል መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተው። ብሬል (በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ) ከጻፍክ ነጥቡን አታተልቀው። ትልቅ ነጥብ ለሚያይ ሰው ያምራል እንጂ ለእኛ አይነበብም። ዋናው ክፍል ከመሬት ከ70 እስከ 120 ሴንቲሜትር ቢሆን ተቀማጭም ቋሚም ይደርስበታል። ከሥሩ ቦይ ካለ ግን ቦታ ቀይር፤ ማንም አይጠጋውም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ እጅ ይቆርጣል። ቀለም ሳትቀባ በፊት ደግሞ ከዚያው ከማርቆስ ሁለት ሦስት ዓይነ ስውራን ጠርተህ አስዳስሳቸው። ያልገባቸውን አፍርሰህ ሥራ።